ሰው ሠራሽ ዳሌና ጉልበት፦ ጉድለቱን ቀድሞ የሚያየው ማነው?

ከአዲስ አበባ፣ ከናይሮቢ፣ ከካርቱምና ከሞቃዲሾ ለአጥንት ቀዶ ሕክምና ወደ ህንድ፣ ወደ ቱርክ ወይም ወደ ታይላንድ የሚጓዙ ታካሚዎች ጥቂት አይደሉም። ብዙዎቹን ለጉዞ የሚያነሳሳቸው ያለ ምርኩዝ መራመድ የከለከላቸውና ሌሊት እንቅልፍ የነሳቸው የዳሌ ወይም የጉልበት ሕመም ነው። ሲመለሱ በአካላቸው ውስጥ ከብረት፣ ከሴራሚክና ከፕላስቲክ የተሠራ መገጣጠሚያ፣ በእጃቸው ደግሞ የራጅ ፊልምና የሐኪም ማጠቃለያ ወረቀት ይይዛሉ።

ወረቀቱ ቀዶ ሕክምናው መቼና የት እንደተደረገ ይናገራል። የተተከለውን ዕቃ ማን እንደሠራው፣ ሞዴሉ ምን እንደሆነና የምርት ቁጥሩ ስንት እንደሆነ ግን ሁልጊዜ አይናገርም። ታካሚው ደኅና እስከሆነ ድረስ ይህ ጉድለት ለማንም አይታይም። የሚታየው ከዓመታት በኋላ አምራቹ ወይም አንድ የመንግሥት ተቆጣጣሪ ያንን ምርት ከገበያ መሰብሰቡን ሲያስታውቅ ነው።

በዘርፉ ከስልሳ ዓመታት በላይ የተካሄደው የሕክምና ምርምር ደጋግሞ ያሳየው አንድ ነገር አለ። ሰው ሠራሽ መገጣጠሚያ መልካም ወይም መጥፎ መሆኑ በእርግጠኝነት የሚታወቀው ገበያ ላይ ከመዋሉ በፊት ሳይሆን በብዙ ሺህ ሰዎች አካል ውስጥ ለዓመታት ከቆየ በኋላ ነው። በመሆኑም እነዚያን ሰዎች መዝግቦ የያዘ አገር አደጋውን ቀድሞ ያያል። ያልመዘገበ አገር ግን የሌሎችን ማስጠንቀቂያ ቢሰማ እንኳ ታካሚዎቹ እነማን እንደሆኑ አያውቅም። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ውጤቱ የተመሰከረለት ሕክምና

ከሁሉ አስቀድሞ መባል ያለበት የዳሌና የጉልበት መገጣጠሚያ ቅየራ ከዘመናዊው ሕክምና ታላላቅ ስኬቶች አንዱ መሆኑ ነው። የዳሌ ቅየራን "የክፍለ ዘመኑ ቀዶ ሕክምና" ብለው የሚጠሩት ሐኪሞች አሉ። ልም አጥንቱ ተበልቶ አጥንት ከአጥንት ጋር የሚፋጭበት ሰው ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ባሉት ሳምንታት ያለ ቀድሞው ሕመም መራመድ ይጀምራል።

ዕድሜው ምን ያህል እንደሆነም ይታወቃል። በ2019 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት የወጡ ጥናቶች የአውስትራሊያንና የፊንላንድን መዝገቦች መርምረው ከ25 ዓመታት በኋላ 58 በመቶ ያህሉ ሰው ሠራሽ ዳሌዎችና 82 በመቶ ያህሉ ሙሉ የጉልበት ቅየራዎች ሳይለወጡ እንደሚቆዩ ገምተዋል።

እነዚህ አኃዞች ግን አማካይ ናቸው። በአማካዩ ውስጥ ሠላሳ ዓመት የሚያገለግሉ ሥሪቶችም በአምስት ዓመት ውስጥ የሚበላሹም ተደባልቀዋል። በገበያ ላይ ያሉት ሞዴሎች እጅግ ብዙ በመሆናቸው ዋናው ጥያቄ የትኛው ሥሪት ከየትኛው ወገን ነው የሚለው ነው።

ቤተ ሙከራው የማያሳየው

በእንግሊዝ ላንክሻየር በሚገኘው ራይቲንግተን ሆስፒታል ይሠሩ የነበሩት ሐኪም ጆን ቻርንሌይ የዘመናዊው የዳሌ ቅየራ አባት ተደርገው ይቆጠራሉ። በ1950ዎቹ መጨረሻ ለዳሌው ጎድጓዳ ክፍል የመረጡት ቁስ ዛሬ በመጥበሻ የሚታወቀው ቴፍሎን ነበር። ልስላሴው ለመገጣጠሚያ የተፈጠረ ያስመስለው ነበር። ወደ ሦስት መቶ ለሚጠጉ ታካሚዎች ከተተከለ በኋላ ግን በጥቂት ዓመታት ውስጥ ተበላ፤ ብናኙም በዙሪያው ያለውን ሥጋ አስቆጣ። ቻርንሌይ ቁሱ በሰውነት ላይ የሚያደርሰውን ለማየት በገዛ ጭናቸው ውስጥ ጥቂት አስገብተው ሞክረዋል።

በኅዳር 1962 ቴፍሎኑን ፖሊኢትሊን በሚባለው ጠንካራ ፕላስቲክ ተኩት። ዛሬ በሥራ ላይ ያሉት አብዛኞቹ መገጣጠሚያዎች የዚያ ምርጫ ልጆች ናቸው። ቻርንሌይ በዚህ አላበቁም። ቁሱ በእውነተኛ ሕይወት ምን ያህል እንደተበላ ለመለካት ታካሚዎቻቸው ከሞቱ በኋላ መገጣጠሚያው እንዲመለስላቸው ፈቃድ ይጠይቁ ነበር። ክትትሉ እስከ ዕድሜ ፍጻሜ መሆን እንዳለበት ከቴፍሎን ውድቀት ተምረዋል።

ከዚያ ወዲህ የመመርመሪያ መንገዶች ብዙ ተሻሽለዋል። መገጣጠሚያን በሚሊዮን ለሚቆጠር ጊዜ የሚያንቀሳቅሱ ማሽኖች አሉ። ማሽኑ ግን ሐኪሙ ዕቃውን ትንሽ አዘንብሎ ሲተክለው፣ ወይም የታካሚው አጥንት ሲሳሳ የሚሆነውን ሁሉ አያሳይም። ጥቂት መቶ ሰዎችን ለሁለት ዓመት የሚከታተል ጥናትም በስምንተኛው ዓመት የሚመጣን ብልሽት ማየት አይችልም።

ይህን ክፍተት ለማጥበብ ስዊድናዊው ጎራን ሴልቪክ በ1970ዎቹ በሉንድ አንድ ዘዴ ቀየሱ። ጥቃቅን የታንታለም እንክብሎች በአጥንቱ ውስጥ ይቀመጡና ከሁለት አቅጣጫ በአንድ ጊዜ በሚነሳ ራጅ መገጣጠሚያው ከቦታው መንሸራተቱ ከሚሊሜትር ባነሰ መጠን ይለካል። በሁለት ዓመት ውስጥ ያለማቋረጥ የሚንቀሳቀስ ዕቃ በኋላ የመላቀቅ ዕድሉ ከፍተኛ ነው። ለዚህ ጥቂት አሥር ታካሚዎች ይበቃሉ። ተመራማሪዎች አዲስ ሥሪት በዚህ ዓይነት ጥናት ሳያልፍ ለሺዎች እንዳይሰጥ ሲመክሩ ቢቆዩም፣ ምክሩ ሁልጊዜ አልተሰማም።

የ93,000ዎቹ ዳሌ

ምክሩ አለመሰማቱ ያስከተለው ጉዳት በጉልህ የታየው በኤኤስአር ሥሪት ታሪክ ነው። የጆንሰን ኤንድ ጆንሰን እኅት ኩባንያ የሆነው ዲፑይ ይህን ከብረት በብረት የተሠራ ዳሌ በ2003 ከአሜሪካ ውጭ፣ በ2005 ደግሞ በአሜሪካ ገበያ ላይ አዋለ። የታሰበው መልካም ነበር፤ ፕላስቲክ ከሌለ የሚበላ ነገር አይኖርም፣ ወጣትና ንቁ ታካሚዎችም ረጅም ጊዜ ይጠቀሙበታል ተብሎ ነበር።

በአሜሪካ ለገበያ የበቃው አንድ ምርት ቀድሞ ከተፈቀደ ሌላ ምርት ጋር በመሠረቱ ተመሳሳይ መሆኑን ብቻ ማሳየትን በሚጠይቀው መንገድ ነው። ይህ መንገድ በታካሚዎች ላይ የተደረገ ሙከራ እንዲቀርብ አላስገደደም። በተግባር የጎድጓዳው ክፍል ጥልቀት ማነሱ ብረቱ በጠርዙ በኩል እንዲፋቅ አደረገ። የኮባልትና የክሮሚየም ብናኝ በዙሪያው ያለውን ሥጋ ሲጎዳ፣ በአንዳንዶቹ ላይም ዕጢ መሰል እብጠት ሲያስከትል ታየ።

ማስጠንቀቂያው ቀድሞ የመጣው ከአውስትራሊያ ብሔራዊ መዝገብ ነው። መዝገቡ ከ2007 ጀምሮ ሥሪቱ ከሌሎች በላቀ መጠን ዳግም ቀዶ ሕክምና እንደሚያስፈልገው አመለከተ። ምርቱ በታኅሣሥ 2009 ከአውስትራሊያ ገበያ ወጣ። በ2010 የእንግሊዝና የዌልስ መዝገብ በአምስት ዓመት ውስጥ ከ12 እስከ 13 በመቶ የሚሆኑት እንደገና መቀየራቸውን ሲያሳይ ኩባንያው በነሐሴ ወር ምርቱን ከመላው ዓለም ሰበሰበ። እስከዚያ ድረስ ወደ 93,000 የሚጠጋ ተተክሏል። በ2013 ኩባንያው በአሜሪካ 8,000 ለሚሆኑ ታካሚዎች 2.5 ቢሊዮን ዶላር ያህል ለመክፈል ተስማማ። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር ከብረት በብረት የተሠሩ ዳሌዎች ጥብቅ የቅድመ ገበያ ፈቃድ እንዲያገኙ ማስገደድ የጀመረው በ2016 ነው።

ደብተር ያዳናቸው

ስዊድን የጉልበት መዝገቧን በ1975፣ የዳሌውን በ1979 ጀመረች። ፊንላንድ፣ ኖርዌይ፣ አውስትራሊያና ኒውዚላንድ ተከተሉ። እንግሊዝና ዌልስ በ1990ዎቹ ካፒታል የተባለ ርካሽ የዳሌ ሥሪት ባስከተለው ችግር ተምረው በ2003 የጀመሩት መዝገብ ዛሬ ከሦስት ሚሊዮን በላይ ቀዶ ሕክምናዎችን ይዟል።

አሠራሩ ውስብስብ አይደለም። ማን፣ መቼ፣ የት፣ በየትኛው ዕቃና በምን ምክንያት እንደታከመ ይመዘገባል። ያው ሰው ለዳግም ቀዶ ሕክምና ሲመጣ ሁለቱ መረጃዎች ይገናኛሉ። የኖርዌይ መዝገብ በዚህ መንገድ በ1990ዎቹ አጋማሽ ቦንሎክ የተባለ አዲስ የአጥንት ማጣበቂያ ሲሚንቶ ከተለመደው ይልቅ ዳሌን ቶሎ እንደሚያላቅቅ ደረሰበት። ሲሚንቶው ሲዋሃድ የሚፈጥረው ሙቀት አነስተኛ በመሆኑ የተሻለ ነው ተብሎ ነበር የገባው፤ በ1995 ከገበያ ወጣ።

ችግሩ ያለፈ ታሪክ አይደለም። ኤግዛክቴክ የተባለው የአሜሪካ አምራች በ2021 እና በ2022 የፕላስቲክ የጉልበት ክፍሎችን ሰብስቧል። ምክንያቱ የመገጣጠሚያው ንድፍ ሳይሆን ማሸጊያው ነበር። ኦክስጅን የሚከለክለው አንዱ ንብርብር በመጉደሉ ፕላስቲኩ ገና በመጋዘን ሳለ ሊያረጅ ይችል ነበር። ጉድለቱ ወደ 2004 የሚመለስ ሲሆን በአሜሪካ ብቻ ከ140,000 በላይ የጉልበትና የቁርጭምጭሚት ክፍሎችን ነካ። እንዲህ ባለ ጊዜ አንድ ታካሚ ከተጎጂዎቹ መካከል መሆን አለመሆኑን የሚለየው በሣጥኑ ላይ የነበረው የምርት ቁጥር ነው።

የጠፉት የህንድ ታካሚዎች

ኤኤስአር ከገበያ ሲሰበሰብ በህንድ ወደ 4,700 የሚጠጉ ቀዶ ሕክምናዎች ተደርገውበት ነበር። የአገሪቱ ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ማስጠንቀቂያ ያወጣው በ2013 መጨረሻ ነው። መንግሥት ያቋቋመው የባለሙያዎች ኮሚቴ ጉዳዩን በ2017 ሲመረምር በእርዳታ መስመሩ በኩል የተመዘገቡት ታካሚዎች አንድ ሺህ ከሰማንያ ገደማ ብቻ ሆነው ተገኙ። የቀሩት ሺዎች አልተገኙም። ኮሚቴው ለእያንዳንዱ ተጎጂ ቢያንስ 2 ሚሊዮን ሩፒ ካሳ እንዲከፈል ቢመክርም፣ ያልተገኘ ሰው ካሳም ምርመራም ሊያገኝ አይችልም።

የዚህ ታሪክ ክብደት ለአፍሪካ ቀንድ ታካሚዎች ግልጽ ነው። ህንድ ብዙዎቻቸው የሚታከሙባት አገር ናት። መንግሥቷ በነሐሴ 2017 የጉልበት መገጣጠሚያ ዋጋ ላይ ጣሪያ ሲያስቀምጥ፣ በብዛት የሚፈለገው የኮባልት ክሮሚየም ሥሪት ከ158,324 ሩፒ ወደ 54,720 ወርዷል። ዋጋው የውጭ ታካሚን ይስባል። በገዛ አገሩ የሚኖረው ታካሚ እንኳ ከጠፋ ግን ቀዶ ሕክምናው በተደረገ በሁለተኛው ሳምንት አውሮፕላን ተሳፍሮ የሄደውን ማን ይፈልገዋል? አድራሻው ይለወጣል፣ ስልኩ ይቀየራል፤ ስሙም በእንግሊዝኛ ፊደል በሁለትና በሦስት መንገድ ይጻፋል።

የሌላው ሰው ጉልበት

ከዚህ ቀጥሎ የሚነሳው ሐሳብ የስዊድንና የአውስትራሊያ መዝገቦች መጥፎውን ሥሪት ለይተው ካስታወቁ ሌላው አገር የእነሱን ውጤት መጠቀም ይበቃዋል የሚል ነው። በከፊል እውነት ነው። ሌሎች ያገለሉትን ሥሪት አለመግዛት ምንም አያስወጣም። ነገር ግን የእነዚያ መዝገቦች ታካሚ በአብዛኛው ዕድሜው ከስልሳ በላይ ሆኖ ልም አጥንቱ በእርጅና የተበላ ሰው ነው።

ማላዊ በ2005 ከአፍሪካ ቀዳሚ ከሆኑት ብሔራዊ የመገጣጠሚያ መዝገቦች አንዱን ስትጀምር የታየው ሥዕል የተለየ ነበር። በ2009 ይፋ የሆነው የመጀመሪያ ሪፖርት በ58 ታካሚዎች ላይ የተደረጉ 73 የዳሌ ቅየራዎችን የያዘ ሲሆን፣ ቀዳሚው ምክንያት እርጅና ያመጣው መበላት ሳይሆን የደም ዝውውር ተቋርጦበት የሞተ የጭን አጥንት ራስ ነበር። ይህ ሕመም በጎልማሶችም ይከሰታል። የማላዊ ሐኪሞች ከኤችአይቪ ጋር የሚኖሩ ታካሚዎች ከቀዶ ሕክምናው በኋላ እንዴት እንደሚሆኑም በራሳቸው መረጃ መከታተል ችለዋል። የስዊድን መዝገብ ይህን ጥያቄ ሊመልስላቸው አይችልም ነበር።

የዕድሜ ልዩነት ቀላል ነገር አይደለም። በ2017 ላንሴት ላይ የወጣ የብሪታንያ ጥናት ከሰባ ዓመት በላይ ሆነው የሚታከሙ ሰዎች በቀሪ ዘመናቸው ዳግም ቀዶ ሕክምና የማስፈለጉ ዕድል አምስት በመቶ አካባቢ ሲሆን፣ በሃምሳዎቹ መጀመሪያ ላይ ባሉ ወንዶች እስከ 35 በመቶ እንደሚደርስ አሳይቷል። በአርባና በሃምሳ ዓመቱ የሚታከም ሰው በበዛበት አገር ሁለተኛው ቀዶ ሕክምና ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ መታሰብ ይኖርበታል።

አኗኗርም ይለያያል። በአፍሪካ ቀንድ ጉልበት ለመራመድ ብቻ የሚያገለግል አይደለም። ክርስቲያኑ ይሰግዳል፣ ሙስሊሙ በሶላት ይንበረከካል፤ ምድር ላይ ተቀምጦ መብላትና ቁጢጥ ብሎ መጸዳዳትም የብዙዎች የዕለት ተዕለት ሕይወት ነው። አምራቾች በጥልቀት የሚታጠፍ ጉልበት ብለው ያቀረቧቸው ሥሪቶች ይህን ፍላጎት ያነጣጠሩ ነበሩ። ሆኖም በንጽጽር የተደረጉ ጥናቶች ከተለመደው ሥሪት ያላቸው ብልጫ እዚህ ግባ የሚባል እንዳልሆነ አሳይተዋል።

ከሴኡል የመጣ አንድ ውጤት ደግሞ ጥንቃቄን የሚጠይቅ ነበር። በ2007 የታተመው ይህ ጥናት አንድ እንዲህ ዓይነት ሥሪት ከገባባቸው 72 ጉልበቶች መካከል በ27ቱ የላይኛው ክፍል ቶሎ መላቀቁን ሲያሳይ፣ መላቀቁም ቁጢጥ ማለትና መንበርከክ በቻሉት ታካሚዎች ላይ በርክቶ ታይቷል። ሌሎች ጥናቶች ይህን ያህል ከፍተኛ አኃዝ አላገኙም። ጥያቄው ግን ሊነሳ የቻለው ቁጢጥ በሚባልበት አገር የሚሠሩ ሐኪሞች የራሳቸውን ታካሚዎች በመቁጠራቸው ነው።

ሊሠራ የሚችለው

በየዓመቱ የእያንዳንዱን ሥሪት ውጤት ለሕዝብ የሚያሳውቅ እንደ ስዊድን ወይም አውስትራሊያ ያለ መዝገብ በአፍሪካ ቀንድ አገሮች የለም። የሕግ መሠረቱ ግን ከባዶ አይጀምርም። የኢትዮጵያ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2019 የሕክምና መሣሪያዎችን በቁጥጥሩ ሥር ያካትታል። በኬንያ የመድኃኒትና መርዝ ቦርዱ ተመሳሳይ ሥልጣን አለው። መቀመጫውን ኪጋሊ ያደረገው የአፍሪካ የመድኃኒት ኤጀንሲ የተቋቋመበት ስምምነት ከኅዳር 2021 ጀምሮ በሥራ ላይ ሲሆን የሕክምና መሣሪያዎችንም ይመለከታል።

የሚከብደው ገንዘብ ነው ቢባል በከፊል ብቻ ያስኬዳል። በእያንዳንዱ የመገጣጠሚያ ሣጥን ውስጥ የአምራቹን ስም፣ የሞዴሉንና የምርቱን ቁጥር የያዙ ተለጣፊ ወረቀቶች አሉ። አንዱ በታካሚው የሆስፒታል ካርድ ላይ፣ አንዱ ለታካሚው በሚሰጠው ወረቀት ላይ፣ አንዱም በቀዶ ሕክምና ክፍሉ ደብተር ላይ ቢለጠፍ የመዝገቡ ግማሽ ሥራ አለቀ ማለት ነው። በግንቦት 2021 ተፈጻሚ የሆነው የአውሮፓ ኅብረት ደንብ እንዲህ ያለውን መረጃ የያዘ ካርድ ለታካሚው እንዲሰጥ ያስገድዳል። ከውጭ በሚመጡ የበጎ ፈቃድ የሐኪሞች ቡድኖች ለሚሠሩ ቀዶ ሕክምናዎች ደግሞ ይህ ይበልጥ ያስፈልጋል፤ ቡድኑ ሲሄድ የዕቃው ማንነት አብሮት እንዳይሄድ።

የቀረው ግማሽ ግን በተለጣፊ ወረቀት አይፈታም። የበለጸጉት አገሮች መዝገቦች የአንድን መገጣጠሚያ ውድቀት የሚለኩት በዳግም ቀዶ ሕክምና ነው። ለሁለተኛ ቀዶ ሕክምና የሚከፍለው የሌለው ወይም የሚሠራለት ሐኪም ያጣ ሰው ዳሌው ተላቆ እያነከሰ ቤቱ ቢቀመጥ በዚህ መለኪያ "ስኬታማ" ተብሎ ይቆጠራል። ስለዚህ በዚህ አካባቢ የሚጀመር መዝገብ ቀዶ ሕክምናን ብቻ መቁጠር አይበቃውም፤ በየጊዜው ስልክ ደውሎ ያማል ወይ፣ ያራምዳል ወይ፣ ደረጃ ያስወጣል ወይ ብሎ መጠየቅ ይኖርበታል። የታካሚው ቁጥር ገና ጥቂት በሆነበት በአሁኑ ጊዜ ይህን መጀመር ኋላ ሺዎችን ከማፈላለግ ይቀላል።

መዝገብ ሁሉን አያሳይም። አንድ ሥሪት ቶሎ የሚበላሸው በንድፉ ይሁን በሐኪሙ ልምድ ማነስ ወይም በተመረጡት ታካሚዎች ምክንያት ለመለየት ተጨማሪ ጥናት ያስፈልጋል። የግል መረጃ ጥበቃም ያሳስባል። ሆኖም በኤኤስአር ጉዳይ አውስትራሊያና ህንድ የነበራቸው ልዩነት የሀብት ብቻ አልነበረም፤ አንዷ ታካሚዎቿን በስም ታውቅ ነበር፣ ሌላዋ አታውቅም ነበር።

መንግሥታት እስኪወስኑ ድረስ ታካሚውና ቤተሰቡ በራሳቸው ሊያደርጉት የሚችሉት ነገር አለ። ከሆስፒታል ከመውጣታቸው በፊት የተተከለው ዕቃ አምራች፣ ሞዴልና የምርት ቁጥር ተጽፎ እንዲሰጣቸው መጠየቅ፣ የሣጥኑን ተለጣፊ በስልክ ፎቶግራፍ አንስቶ ማስቀመጥ፣ ሕመም ባይኖርም ሐኪሙ ባዘዘው ጊዜ እየተመለሱ መታየት ይችላሉ። ከዓመታት በኋላ አንድ ምርት ከገበያ መሰብሰቡ ሲነገር ያች ፎቶግራፍ ነገሩ እነርሱን ይመለከት እንደሆነ ትነግራቸዋለች።